ከእሁድ ቀጥሎ ያለው ቀን

ፑርኒማ ከስድስቱ አልጋዎች የአምስቱን በሽተኞች በስማቸው ትጠራ ነበር። ለአራተኛው አልጋ ግን «ስማኝማ» ከማለት ሌላ ምንም አልነበራትም።

አራተኛው አልጋ ላይ የተኛው ባሏ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ጠበቃ ፊት ቀርበው ፈርመዋል። የሂንዱዎቹ የዱርጋ በዓል ሲደርስ ለእናቱ እንነግራለን ተባብለው ነበር፤ በዓሉ ሳይደርስ ሳንባው ታመመ። እናቱ አታውቅም፣ ሆስፒታሉ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። እኔ ማለት ሬሃና፣ በባንግላዴሽ ሲልሄት ከተማ በዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ፣ የሰው ትንፋሽ ሲጎድል ከበር ላይ ሆኜ የምለይ ነርስ። አጠገቤ የምትሠራውን ነርስ ልብ መለየት ግን አቃተኝ።

በፑርኒማ ሰፈር ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታነሳም። ካነሳችው ዕድሜው ያጥራል ይባላል። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ የተሸሸገበትን ቃል ሁሉ ትዘላለች። እኔ ባሌን በየቀኑ በስሙ፣ ሲብስብኝም በሌላ በሌላ እየጠራሁት ሠላሳ ዓመት ኖረናል፤ ይኸው አልሞተልኝም። የፑርኒማ ባል ስሙ ሶሜን ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሰኞ ሶምባር ይባላል፤ ስሙ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ከፈረመችበት ዕለት ጀምሮ ለፑርኒማ ሰኞ የሚባል ቀን ከሳምንቱ ወጣ።

ይህ በሌላ ቦታ ቢሆን ማንንም ባልጎዳ። የእኛ ክፍል ግን በስምና በቀን የሚሠራ ክፍል ነው።

ኃላፊያችን ዶክተር ሻሂን ናቸው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ለራሳቸውም የማይራሩ። «ሰው እዚህ ገብቶ ሳንባውን ለማሽን ቢሰጥ አእምሮውን ግን ለማንም አይስጥ» ይላሉ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሰው ይቃዣል። ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ የማሽኑ ጩኸት ጠላት ይሆንበታል፣ የምታጥበው ነርስ ልትገድለው የመጣች ትመስለዋለች። ይህን የሚያስቀር አስተማማኝ መርፌ የለም፤ ያለው የሚያፈዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ዶክተር ሻሂን ያለ መድኃኒት ነው የሚከላከሉት። ጠዋት መጋረጃ ተገልጦ ፀሐይ ይገባል፤ ሲመሽ መብራት ይደበዝዛል፣ ወሬም ይቆማል (ይቺ ለእኔ የተባለች ናት)። መነጽር ያለው መነጽሩን ያደርጋል። ቱቦው ቢበዛም ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ዘመድ አጠገቡ ይሆናል። እጅ ማሰር የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽተኛውን በነካነው ቁጥር ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ ጮክ ብለን እንነግረዋለን። መጀመሪያ ስቄባቸው ነበር። ቆይቶ ግን ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ሚስቱን ሳያውቅ የሚወጣው ሰው ሲቀንስ አየሁና አፌን ዘጋሁ።

በዚህ ሥራ ፑርኒማን የሚስተካከል አልነበረም። አንደኛው አልጋ ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ያለ እሷ ቁርስ አይበሉም።

«አያቴ፣ ስምዎ አብዱል ሃናን ነው። ያሉት ሆስፒታል ነው። ዛሬ ከእሁድ ቀጥሎ ያለው ቀን ነው» ትላቸዋለች።

«ቀኑን ስም አላወጡለትም እንዴ?»

«እርስዎ ያውጡለት።»

«ሶምባር!» ይላሉ ሽማግሌው፣ ባቡር እንደሚጠሩ ሁሉ እየጮኹ።

እኔ ብልሃት መሰለኝ። በሽተኛው ራሱ እንዲያስታውስ የምታደርግበት ዘዴ ነው ብዬ እንዲያውም ልኮርጅባት አስቤ ነበር።

ሶሜን የሠላሳ ዓመት ወጣት፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ መነጽሩ ወፍራም፣ ቀልዱ ደረቅ። አባቱ ከከተማው ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የሻይ እርሻ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በየምሽቱ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው የለቃሚዎቹን ቅጠል ያስመዝኑ ነበር። ከለቃሚዎቹ አንዷ የፑርኒማ እናት ናቸው። የጸሐፊዎቹ ቤትና የለቃሚዎቹ ሰፈር በአንድ መንገድ ዳር ናቸው፤ ግን ሻይ የሚያመርተው እርሻ ሁለቱን ወገን ከአንድ ኩባያ ሻይ አጠጥቶ አያውቅም።

እናቱ እትዬ ሄምላታ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ነጭ ሳሪያቸውን ተሸፋፍነው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጃቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሶሜን በገባበት ቀን ፑርኒማን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«ይቺ የለቃሚዎቹ ሰፈር ልጅ አይደለችም? የእነ ታንቲ ወገን?» አሉኝ። «ሌላ ሲስተር የለም?»

ፑርኒማ ሰምታለች። «አለች፣ እትዬ። ከሰዓት በኋላ ትመጣለች» አለችና የልጃቸውን ትራስ አስተካከለች። እጇ ትራሱ ላይ ትንሽ ቆየ። ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ አዘንኩላት።

የመተንፈሻ ማሽኑ ላይ እያለ መናገር ስለማይችል በእርሳስ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ወረቀት ሳነሳ ፑርኒማ ከእጄ ነጠቀችኝ፤ ፊቷ ቀላ። ኋላ ላይ ነው ያሳየችኝ። ፊደሉ እየተንገዳገደ እንዲህ ይላል፦ «በስሜ እስክትጠሪኝ ከዚህ አልጋ አልወርድም። ብሞትስ ‘ስማኝማ’ ብለሽ ልትሸኚኝ ነው?»

*

ሰኞ ከሰዓት ተራው የእኔ ነበር። ሶሜን እሁድ ዕለት ከማሽኑ ተላቋል። ድምፁ ቢሻክርም ይናገራል፤ መነጽሩን አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፑርኒማ ልትወጣ ስትል ክንዴን ያዘች።

«ሬሃና እህቴ፣ አራተኛውን አልጋ ስሙን ቶሎ ቶሎ ጥሪለት።»

«አንቺ አፍ የለሽም?»

«የእኔ አፍ ለእሱ አይሆንም።»

ይህን ብላ ወደ እሱ ዞረች። እሱም ያያት ነበር። ሁለቱ በዚያ ሁሉ ማሽንና ሰው መካከል እንዴት እንደተያዩ ያስተዋልኩት አሁን፣ መለስ ብዬ ሳስበው ነው። ያን ጊዜ የጠፋ ቴርሞሜትር እየፈለግሁ ነበር።

ዶክተር ሻሂን ለስብሰባ ዳካ ሄደዋል። የምሽቱን ጉብኝት የያዘው ወጣቱ ዶክተር ታንቪር ነው፤ ልጄ ሊሆን ስለሚችል በልቤ «አንተ» እለዋለሁ፣ በአፌ ግን «እርስዎ»። የመጠየቂያውን ቅጽ ለእኔ ሰጠኝና ጀመረ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ሶሜን ዴብ።»

«የት ነው ያለኸው?»

«ሲልሄት፣ ሆስፒታል።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ሶሜን ፑርኒማ የወጣችበትን በር አየና ፈገግ አለ። «ከእሁድ ቀጥሎ ያለው።»

«የቀኑን ስም ነው የጠየቅሁህ።»

«ስም የለውም፣ ዶክተር። በእኛ ቤት ቀርቷል» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት።

ከአንደኛው አልጋ ሽማግሌው ጮኹ። «ልጁ ደህና ነው! ሲስተሯም እንደዚያ ነው የምትለው!»

ታንቪር ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «አንዱ የሚቃዥ ለሌላው ይመሰክራል» አለ።

«ከእሁድ ቀጥሎ» የምትለዋን አባባል ከማን እንደሰማኋት አውቃለሁ። ትዝ ብላኝ ነበር። ግን ሁለት አዲስ በሽተኞች ገብተውብናል፣ እግሬ አብጧል፣ ደግሞም ሐኪም ፊት ነርስ የምትናገረው ስትጠየቅ ብቻ ነው ተብዬ ነው የሠለጠንኩት። ቅጹ ላይ «የቀኑን ስም አያውቅም፤ ያለ ምክንያት ይስቃል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ማንም እጄን አልያዘኝም።

ትንሽ ቆይቶ ሶሜን ብቻውን ሊነሳ ሞከረ። ለካ ፑርኒማ ነገ እስከ መስኮቱ ትራመዳለህ ብላው ኖሮ ሊለማመድ ነው። ታንቪር ደነገጠ። በአንገቱ ወደ ትልቁ ደም ሥር የገባ ቱቦ አለ፤ የሚቃዥ ሰው ወድቆ ቢነቅለውስ? «እሰሩት» አለ፣ የሚያስተኛ መርፌም አዘዘ። መነጽሩ እንዳይሰበር ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መጋረጃውን ሳብን። ዶክተር ሻሂን በስንት ልፋት ያስለመዱንን እኔና ታንቪር በሩብ ሰዓት አፈረስነው።

«ሲስተር፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ እጁን ከአልጋው ብረት ጋር ሳስር።

«ምንም። ለራስህ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ከፑርኒማ ጋር ተመድቤ ነበር። ገባች፣ አየችው፣ ከአልጋው እግርጌ ላይ ቆመች። መጠጋት አቃታት።

ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የታሰሩት ጣቶቹ አንሶላውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ቅጠል እንደሚለቅም ሰው።

«ጣሪያው ላይ ሻይ በቅሏል» ይላል። «ሴቶቹን አውርዷቸው፣ ይወድቃሉ። አባባ! ሚዛኑ ይሰርቃል! እኔንም ሰቅሎ እየመዘነኝ ነው!»

«ማን አሰረው?» አለች ፑርኒማ።

መጋረጃውን ገለጠች፣ መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና አደረገችለት። «ስማኝማ» አለችው። «ስማኝማ፣ እኔ ነኝ።» በዚያ ክፍል ስንቱ ሰው «ስማኝ» ይባላል! ወደ ድምፁ ዞር እንኳ አላለም።

«አንድ እጁን ልፍታለትና ውኃ ላጠጣው» አለችኝ። ፍቺው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

እጁ እንደተፈታ በቀጥታ የሄደው ወደ አንገቱ ነው። ቱቦውን ይዞ ጎተተው። ደሙ ትራሱን፣ አንሶላውን፣ የእሷን ክንድ አለበሰው። ዘልዬ አንገቱን በጨርቅ ጫንኩ፤ ታንቪር እየሮጠ መጣ።

«ማን ነው የፈታው? እሰሪው! አሁኑኑ እሰሪው!»

የእኔ ሁለት እጅ ደሙ ላይ ነው። የቀረው የእሷ እጅ ብቻ ነበር። ባሏን አሰረችው። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፣ ደግማ ፈተሸችው፣ እንደተማረችው። በዚያች ቅጽበት መነጽሩ ተንጋዶ ዓይኑ ከጣሪያው ወረደና ፊቷ ላይ አረፈ።

«አንቺም?» አላት።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቱቦው ተተካ፣ ደሙ ቆመ፣ አንሶላው ተቀየረ። እሷ ግን ከዚያች «አንቺም» ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

ቀትር ላይ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አገኘኋት፤ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረችኝ። ጠበቃውን፣ ፊርማውን፣ ወረቀቱን፣ የጠፋውን ሰኞ። እኔም ሰኞ ምን እንደጻፍኩ ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። «ከእሁድ ቀጥሎ አለ? ያንን ተናግሮ ነው የታሰረው?» ከዚያ የቆሸሸው አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠች። «በእኔ ሊቀልድ ነው እኮ፣ ሬሃና። እኔ ነኝ ያሳበድኩት።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ነርስ ነኝ ትላለች ደግሞ» አለች ስለራሷ። «ስሙን ብጠራው ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ጋብቻችን ለማንም ሳይነገር በመቆየቱ ሁሉን ነገር ፈራሁ። እንዳትናገሪብኝ፣ እናቱ ከሰማች አጠገቡ አታስደርሰኝም። ማዪልኝ!»

ማልኩላት። ማንኛችን ይበልጥ እንዳለቀስን አላውቅም።

*

ረቡዕ በጠያቂ ሰዓት ዶክተር ሻሂን ከነጉዞ ልብሳቸው መጡ። እትዬ ሄምላታ አልጋው አጠገብ ናቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ልጃቸው ስለ ሚዛኑ በጮኸ ቁጥር አፉን በመዳፋቸው ይከድኑታል።

ዶክተር ሻሂን የታሰሩትን እጆች አዩ። ቅጹን አነበቡ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ከመታሰሩ በፊት ይቃዥ ከነበረ በሽታው ወደ ራሱ ወጥቷል፤ መርፌውም እስሩም ለጊዜው ይቀጥላል። ካልነበረ ግን ያሳበድነው እኛ ነን፤ አሁኑኑ ይፈታል። ተሳስቼ ብፈታው ቱቦውን ደግሞ ይነቅላል። ተሳስቼ አስሬ ባቆየው ይህ ልጅ በአእምሮው ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። የቱ ነው?»

«ቀኑን አላወቀም» አለ ታንቪር። «ሲስተር ሬሃና ጽፋዋለች።»

አፌን ከፈትኩ። መሐላዬ አፌ ውስጥ ነበር። ከኋላዬ ግን ፑርኒማ ወደፊት ወጣች።

«አእምሮው ጤነኛ ነበር፣ ዶክተር። ከእሁድ ቀጥሎ ባለው ቀን ጤነኛ ነበር።»

«ይኸው፣ እሷም!» አለ ታንቪር።

«ከእኔ ነው የሰማው» አለች። እጆቿ ቀሚሷን ጨብጠዋል። «ያንን ቀን እኔ በስሙ አልጠራውም። እሱም ያሾፍብኛል። ስሙ አለበት። ሚስቱ ነኝ።»

እትዬ ሄምላታ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሚስቱ ነኝ፣ እትዬ። አምስት ወር ሆነን። ፈርመናል።»

«ውሸታም! የቅጠል ለቃሚ ልጅ! ልጄ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ባሌ ነው ትይኛለሽ? ደኅና ቢሆን አፍ አውጥተሽ ትዪው ነበር?»

«ደኅና ቢሆንማ እሱ ይነግርዎት ነበር።»

ዶክተር ሻሂን እጃቸውን አነሱ። «ለሠርግ ጊዜ የለኝም። ይፈታ። መርፌው ይቁም። አንቺ ፍቺው፣ እየፈታሽም ንገሪው፤ ስሙን፣ ያለበትን፣ ቀኑን። ድምፅሽን ያውቀዋል።»

ፑርኒማ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች። አፏን ስትከፍት እትዬ ሄምላታ ድንገት የእጇን አንጓ ጨመደዱት። ጥፍራቸው ሥጋዋ ውስጥ ገባ።

«አትጥሪው!»

«እትዬ...»

«ሚስቱ ከሆንሽ አትጥሪው! ልጄን ልትገድዪብኝ ነው? እኔ ታራፓዳ የሚባል ባል» አሉና አፋቸውን ያዙ። የባላቸውን ስም ከሞቱ በኋላም አንስተውት አያውቁም ነበር፤ ታራ በእኛ ቋንቋ ኮከብ ነው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሙን አልጠራሁም። በስሙ ውስጥ ኮከብ ስላለ ኮከብ ብዬ አላውቅም፣ የሌሊት መብራት ነው የምለው። ለዕድሜው ብዬ! አንቺ ምን ቸገረሽና ነው የምትጠሪው?»

ምን እንዳሉ ገባቸው። ውሸታም ያሏትን ሴት በገዛ አፋቸው ሚስት አድርገዋታል። እጃቸው ግን አልለቀቀም፤ ፈርተው ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ እንደኔ ያለችው በባሏ ስም የምትቀልደዋ እንኳ።

«እትዬ» አለች ፑርኒማ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ይሄ ሰው ጠፍቷል። ስሙን ካልጠራነው በምን ይመለስ?»

የእናቱ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ።

«ሶሜን» አለች። ድምፅዋ ተሰበረና እንደገና ገጠመችው። «ሶሜን። ስምህ ሶሜን ዴብ ነው። ያለኸው ሲልሄት፣ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት ማክሰኞ ነበር። ከትናንት ወዲያ ሶምባር ነበር። ሶምባር ነበር፣ ሶሜን፣ አንተም ልክ ነበርክ።»

ሁለተኛው እጁ ተፈታ። ሶሜን ከግድግዳው ዞረ። ሁላችንም አየነው፤ ስሙን ሰምቶ ዞረ። ዓይኑ መጀመሪያ እናቱ ላይ፣ ከዚያ ፑርኒማ ላይ አረፈ። ፊቷ ይበራ ጀመር።

የተፈቱት እጆቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተወሸቁ።

«መጣች!» ብሎ ጮኸ። «አሳሪዋ መጣች! እማ፣ እጄን ልትወስደው ነው!»

አንድ እርምጃ ስትጠጋ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ። ዶክተር ሻሂን ትከሻዋን ይዘው ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰዷት።

«ከፊቱ ዞር በይ፣ ልጄ» አሉ። ልጄ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። «ለጊዜው የአንቺ ፊት ለእሱ ገመድ ነው።»

*

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ቀን ሥራውን የሠሩት እትዬ ሄምላታ ናቸው። ያሠሯቸው ግን ፑርኒማ ናት፣ መጋረጃው ጀርባ ቆማ፣ በሹክሹክታ።

«መነጽሩን ያድርጉለት፣ እትዬ። ከመጥራትዎ በፊት እንዲያይዎት።» ያደርጉለታል። «አሁን ስሙን።» «ሶሜን፣ ልጄ፣ ስምህ ሶሜን ነው።» «ቀስ ይበሉ። ይስማ። አሁን ቀኑን።» ሲመሽ ጆሮውን በጥጥ፣ ዓይኑን በጨርቅ መሸፈን አስተማረቻቸው። ጠዋት እግሩን ከአልጋው አውርደው እንዴት እንደሚያስቀምጡት አሳየቻቸው፣ በራሷ እግር፣ ኮሪደሩ ወንበር ላይ። ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከአንድ ቆርቆሮ እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሩዝ ሲበሉ አገኘኋቸው። ያ ነገር በእርሻው ቢታይ ሦስት ወር ይወራ ነበር።

«ስለ ሚዛኑ የሚለፈልፈው» አሉ እትዬ ሄምላታ፣ ቆርቆሮው ውስጥ እያዩ። «ያ ቅዠት አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታውቂያለሽ?»

«እናቴም ታውቃለች። ሁሉም ለቃሚ ያውቅ ነበር።»

እትዬ ሄምላታ የቀረውን ሩዝ ወደ ፑርኒማ ገፋ አደረጉላት። እሷም በላች፤ እያለቀሰች፣ ግን በላች።

ዓርብ ዕለት ጣሪያው ላይ የበቀለው ሻይ ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ሶሜን እናቱን «ትናንት ማታ አልተኛሽም እንዴ፣ ዓይንሽ አብጧል» አላቸው። እትዬ ሄምላታ ወደ መጋረጃው ጀርባ መጥተው የፑርኒማን ሁለት እጅ ያዙ። ዶክተር ሻሂን ይጠየቅ አሉ። ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ቅጹን የምትሞላው ፑርኒማ ናት፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እሱ በማያያት በኩል። ስትስቅ አየኋት። ከስንት ቀን በኋላ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ሶሜን ዴብ።»

«የት ነው ያለኸው?»

«ሲልሄት። ሆስፒታል። ከመስኮቱ ሁለተኛ አልጋ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ።» ወደ መጋረጃው አየ። «ሲስተር ሬሃና፣ ፑርኒማ እዚያ ጀርባ ናት አይደል?»

እናቱን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ናት» አልኩ።

«ሚስቴ ናት። እማ አወቀች፣ ሰምቻለሁ።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪ ድምፅ። «ያሰረችኝ ዶክተሩ ስላዘዛት ነው። ቱቦውን ነቅዬ ደም እየፈሰሰኝ ነበር። ባታስረኝ እሞት ነበር። የፈታችኝም እሷ ናት፣ በስሜ የጠራችኝም እሷ ናት። ሁሉንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ልጥራልህ?»

«አይሆንም።» እጆቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገቡ። አያቸው፣ የሰው እጆች እንደሆኑ ሁሉ። «ድምፅዋን ስሰማ እንዲህ ይሆናሉ። እኔ አይደለሁም የማደርገው። እወዳታለሁ፣ ሲስተር፣ ግን እፈራታለሁ። መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም፤ ይለቀኝ እንደሆነም አላውቅም። እባካችሁ፣ እንዳትጠጋኝ።»

ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄድኩ። ፑርኒማ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እየጻፈች ነበር። ስሙን ያውቃል። ያለበትን ያውቃል። ቀኑን ያውቃል። ሐሳቡ የተያያዘ ነው። መጨረሻው ላይ ቅዠት ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበትም። ጽሕፈቷ ቀጥ ያለ ነበር፤ እንደኔ አልተሳሳተችም።

እትዬ ሄምላታ ተከትለውኝ መጥተው ወረቀቱን አዩ። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ድኗል ብዬ።»

«ስለ አንቺ ያለውስ?»

«እሱም ከመዳኑ ነው፣ እትዬ፤ በጤነኛ አእምሮው ነው ያለው» አለች ፑርኒማ።